ማይክሮፎኑ ሲጫን የሚጠፋው ሬዲዮ፦ ለአማተር ሬዲዮ ጣቢያ የሚሆን የባትሪ መጠባበቂያ

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ ዝናባማ የሐምሌ ምሽት፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ባለችው የጥገና ክፍሌ ውስጥ እየሠራሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ጠረጴዛዬ ላይ ለፍተሻ የመጣ፣ 100 ዋት የሚልክ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር፤ አስቀድሜ ከአንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር ስላያያዝኩት እርሱ ማዳመጡን ቀጠለ። እንዲያውም በሰፈሩ ያሉት ቻርጀሮችና የኤልኢዲ አምፖሎች አብረው ስለጠፉ፣ ቀን በጩኸት ተሸፍነው የነበሩ የሩቅ ጣቢያዎች ጥርት ብለው መሰማት ጀመሩ። ጥቂት ካዳመጥኩ በኋላ አንቴናውን ነቅዬ፣ የሚላከውን ኃይል ወደ አየር ሳይለቅ በሙቀት የሚያስቀረውን መሞከሪያ ጭነት ሰካሁ፤ ማይክሮፎኑን ተጭኜ "አንድ፣ ሁለት" ማለት ስጀምር ሬዲዮው ድርግም ብሎ ጠፋ። መልሼ አብርቼ ደግሜ ብሞክርም ያው ሆነ። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በቴስተር ስለካቸው 12.3 ቮልት አነበብኩ፤ ይህ ባዶ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር አይደለም።

የመጠባበቂያ ኃይል ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት አምፔር ባትሪ ልግዛ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሬዲዮው ኮረንቲውን በሙሉ አቅሙ በሚስብበት ቅጽበት በራሱ በሬዲዮው መግቢያ ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል የሚለው ነው። በባትሪ የሚሠራ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል ስላለቀ አይደለም፤ ኃይሉ እያለ ቮልቴጁ በጭነት ጊዜ ስለሚወድቅ ነው። ከዚህ በታች የማብራራው ሁሉ በዚህ ነጥብ ዙሪያ የሚዞር ነው።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። አማተር ሬዲዮ ማለት ፈተና አልፈውና ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለመገናኛ ሲሉ በራሳቸው ጣቢያ የሚነጋገሩ ሰዎች አገልግሎት ነው። በኢትዮጵያ የጣቢያ መጠሪያዎች በ"ኢቲ" ፊደላት ይጀምራሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ማሰራጫን ያለ ፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአማተር ሬዲዮ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው መብራትም ስልክም አብረው በተቋረጡበት ጊዜ ነው። ዓለም ለሬዲዮ አጠቃቀም በቀጠናዎች የተከፈለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በምትገኝበት ቀጠና አንድ ለአደጋ ጊዜ መገናኛ የተለዩ ማዕከላዊ ፍሪኩዌንሲዎች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል 7.110 እና 14.300 ሜጋኸርዝ ይገኙበታል። እንግዲህ ጣቢያው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ኮረንቲ አይኖረውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ባትሪው የጣቢያው ጌጥ ሳይሆን ዋናው አካል ነው።

አሁን ወደ ቮልቴጁ እንመለስ። አብዛኞቹ የአማተር ሬዲዮዎች የተሠሩት ለ13.8 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲሆን፣ አምራቾቹ በተለምዶ ከዚህ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይሠራል ይላሉ። ይህም በቁጥር ሲሰላ ከ11.7 እስከ 15.9 ቮልት ገደማ ይሆናል። 100 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከ1 እስከ 2 አምፔር ብቻ ይወስዳል፤ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ ግን ወደ 20 አምፔር ይስባል። በዚያ ምሽት በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሆነውን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። አሮጌው ባትሪ በእረፍት ላይ 12.3 ቮልት ነበረው። በእርጅና ምክንያት ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚያደርገው ተቃውሞ፣ 0.03 ኦም ያህል ደርሷል ብንል፣ 20 አምፔር ሲሳብ 0.6 ቮልት እዚያው በባትሪው ውስጥ ይቀራል። ሬዲዮውን ያያያዝኩት 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ ለቤት ሶኬት በሚዘረጋው ገመድ ነበር፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ቢሆንም ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ 6 ሜትር ተብሎ ይቆጠራል። የዚህ መዳብ ሬዚስታንስ 0.041 ኦም ገደማ ስለሚሆን 0.8 ቮልት በገመዱ ላይ ይጠፋል። ከ12.3 ላይ 0.6 እና 0.8 ሲቀነስ 10.9 ይቀራል፤ ይህ ሬዲዮው ሊሠራበት ከሚችለው ዝቅተኛ ወሰን በታች ነው። ባትሪው ግማሽ ያህል ኃይል ይዞ ሳለ ጣቢያው ዝም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ስሌት የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ቀዳሚ ዕቃ ገመድ መሆኑን ነው። ያንኑ 3 ሜትር በ6 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ ብንተካው የሚጠፋው ቮልቴጅ ወደ 0.34 ይወርዳል፤ ባትሪውን ከጠረጴዛው ሥር አቅርበን ገመዱን በግማሽ ብናሳጥረው ደግሞ ወደ 0.17 ይወርዳል። የላላ ማያያዣ፣ በነጭና በአረንጓዴ ዱቄት የተሸፈነ የባትሪ ጫፍ፣ በእጅ ብቻ የተጠማዘዘ የገመድ ቅጥያ እያንዳንዳቸው ከዚህ የሚበልጥ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ሬዲዮ ሲልክ የሚሞቅ መጋጠሚያ በእጅ ተዳስሶ ከተገኘ፣ ቮልቴጁ የሚቀረው እዚያ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ምንም ወጪ የለውም፤ ይኸውም የሚላከውን ኃይል መቀነስ ነው። ከ100 ዋት ወደ 25 ዋት መውረድ ድምፃችንን ወደ ሩብ የሚቀንሰው ይመስለናል። በተቀባዩ ሰው የሲግናል መለኪያ ላይ ግን ልዩነቱ 6 ዴሲቤል፣ ማለትም አንድ ነጥብ ብቻ ነው። የሚሳበው ኮረንቲ በአንጻሩ ከ20 ወደ 10 አምፔር ገደማ ስለሚወርድ፣ በባትሪውና በገመዱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም በግማሽ ይቀንሳል። በዚያ ምሽት የኃይል ማስተካከያውን ዝቅ ሳደርገው ሬዲዮው በዚያው አሮጌ ባትሪ ላይ ሳይጠፋ መላክ መቻሉን አይቻለሁ። በባትሪ ላይ ያለ ጣቢያ በሙሉ ኃይል መላክ ያለበት በዝቅተኛው ሳይሰማ ሲቀር ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

የባትሪው መጠን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አምፔር-ሰዓት የሚባለው መለኪያ፣ ባትሪው ስንት አምፔር ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚነግረን ነው። መብራት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ለ12 ሰዓታት ጠፍቷል፣ ከዚህም ውስጥ አንድ አስረኛው ጊዜ በመላክ፣ ቀሪው በማዳመጥ ያልፋል እንበል። በማዳመጥ 10.8 ሰዓት በ1.5 አምፔር ሲባዛ 16.2 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። በመላክ በኩል፣ የሰው ንግግር ከፍና ዝቅ ስለሚል በአጭር ሞገድ በተለመደው የድምፅ ዘዴ (ኤስኤስቢ) ስንልክ አማካዩ ከ20 ሳይሆን ከ8 አምፔር አይበልጥም፤ ስለዚህ 1.2 ሰዓት በ8 ሲባዛ 9.6 አምፔር-ሰዓት ይመጣል። ድምሩ 25.8 ነው። ይህን ስሌት የሚያይ ሰው አንድ ያልጠበቀውን ነገር ያገኛል፤ ከባትሪው ይበልጥ የወሰደው መናገሩ ሳይሆን ዝም ብሎ ማዳመጡ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ መስጠት ለሚፈልግ ሰው፣ በማዳመጥ ጊዜ ጥቂት ኮረንቲ የሚወስድ ሬዲዮ መምረጥ፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ፣ ድምፁን ከትልቅ ስፒከር ወደ ጆሮ ማዳመጫ ማዞር ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ያላነሰ ጥቅም አለው። በኤፍኤም ወይም በዲጂታል ዘዴ የሚልክ ግን አማካዩን ሳይሆን ሙሉውን 20 አምፔር ማስላት ይኖርበታል፤ በእነዚህ ዘዴዎች ማሰራጫው እየላከ ሳለ ለአፍታም አያርፍምና።

25.8 አምፔር-ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው 26 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ገዝቶ አይበቃውም። ለምን እንደማይበቃው ለመረዳት የባትሪዎቹን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል።

የሊድ አሲድ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬም በየመኪናውና በየባጃጁ ውስጥ ያለው እርሱ ነው። እያንዳንዳቸው ከ2 ቮልት ትንሽ የሚበልጥ ቮልቴጅ ያላቸው ስድስት ክፍሎች በተከታታይ ተያይዘው፣ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ ግማሹ ሲያልቅ 12.1 ወይም 12.2 ላይ ይሆናል። ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው በፍጥነት ስለሚያጥር፣ ከላዩ ከተጻፈው አምፔር-ሰዓት ግማሹን ብቻ የራሳችን አድርገን መቁጠር ይገባናል። ከዚህም ሌላ የተጻፈው ቁጥር በአብዛኛው የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲፈስ ነው፤ በፍጥነት ሲሳብ የሚሰጠው ያንሳል። ይህንን ጀርመናዊው ፖይከርት እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር አስቀምጦታል። ስለዚህ ለ25.8 አምፔር-ሰዓት ፍላጎት፣ ለእርጅናና ለፈጣን ፍሰት የሚሆን ትርፍ ተጨምሮበት፣ ከ60 እስከ 65 አምፔር-ሰዓት የሚሆን የሊድ አሲድ ባትሪ ያስፈልጋል።

የመኪና ባትሪስ? ይህንን ጥያቄ ይዤ ያንን አሮጌ ባትሪ አዘዞ መንገድ ላይ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄጄ ነበር። "ጋሼ፣ ይህ ባትሪ ምን ነካው?" ብዬ ስጠይቃቸው፣ በሁለት እጃቸው አገላብጠው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይኼ ሞተሪኖ ለማዞር የተሠራ ነው። ለአፍታ ብዙ ይሰጥሃል፤ ከዚያ ዲናሞው ወዲያው ይመልስለታል። አንተ ሌሊቱን ሙሉ እያለብክ ጠዋት ትጥለዋለህ፤ ላምም እንዲህ ብትታለብ ትነጥፋለች" አሉኝ። ነገሩን ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም። የመኪና ባትሪ ብዙና ስስ የሊድ ሳህኖች ስላሉት ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኮረንቲ ይሰጣል፤ በጥልቀት ደጋግሞ ሲፈስ ግን ስሶቹ ሳህኖች ይፈረፈራሉ። ለጣቢያ የሚሆነው ሳህኖቹ ወፍራም የሆኑ፣ ለሶላርና ለኢንቨርተር ተብሎ የሚሸጠው ጥልቅ ፍሰት የሚችል ባትሪ ነው። ከእነዚህም ጄል ወይም ሌላ ዓይነት ዝግ የሆነው፣ አሲዱ ስለማይፈስና ውኃ መጨመር ስለማያስፈልገው ለመኖሪያ ክፍል ይመረጣል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለሬዲዮ ግን ልክ የተሰፋለት ያህል ይገጥመዋል። አንዱ ክፍል 3.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ከዚያም በላይ ከሙሉ እስከ ማለቂያው ድረስ ቮልቴጁ 13 አካባቢ ጸንቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ብቻ በድንገት ይወርዳል። ይህ ጸባዩ ከላይ ያነሣነውን ዋና ችግር በቀጥታ ይፈታል። ከአቅሙ 80 በመቶውን ያለ ስጋት መጠቀም ስለሚቻል ለእኛ ምሳሌ 40 አምፔር-ሰዓት የሆነው ይበቃል፤ ክብደቱም ከሊድ አሲዱ እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአሮጌ ላፕቶፖች የወጡ የሊቲየም ሴሎችን ገጣጥሞ ለሬዲዮ ማዋል የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። የእነዚያ ሴሎች ቮልቴጅ 3.7 ስለሆነ ሦስቱ ተያይዘው ሙሉ ሲሆኑ 12.6 ብቻ ይደርሱና ጥቂት ሲፈስሱ ከሬዲዮው ወሰን በታች ይወርዳሉ፤ አራቱ ሙሉ ሲሆኑ ደግሞ 16.8 ደርሰው ሬዲዮውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። በዚያ ላይ መከላከያ ሰርኪዩት ሳይኖራቸው ቻርጅ ከተደረጉ እሳት ሊነሣ ይችላል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪም ቢሆን፣ እያንዳንዱን ክፍል የሚጠብቅ ሰርኪዩት ያለው መሆኑ፣ ይህም ሰርኪዩት ቢያንስ 30 አምፔር የሚያሳልፍ መሆኑ ሳይረጋገጥ መገዛት የለበትም።

ለባትሪ የጎንደር አየር ጸባይ ጥሩ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ግን ከጥላ ሥር እንዲህ ያለ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ አይቆይም። ይህንን ጥቅም የምናጠፋው ባትሪውን የቀትር ፀሐይ ከሚያግለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ኮርኒስ ውስጥ ስንሰቅለው ነው። ጣቢያቸውን ተሸክመው ከደባርቅ በላይ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ለዘለቄታው ስለሚጎዳ፣ ሌሊት ከብርድ ልብስ ጋር ጠቅልሎ፣ ጠዋት ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ብቻ ከሶላር ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል።

ባትሪው ከጣቢያው ጋር የሚያያዝበት ቀላሉ ዘዴ፣ 13.8 ቮልት የሚሰጠውን የሬዲዮውን ፓወር ሰፕላይ፣ ባትሪውንና ሬዲዮውን ጎን ለጎን ማያያዝ ነው። መብራት ሲኖር ፓወር ሰፕላዩ ሬዲዮውን እየመገበ ባትሪውን ሙሉ አድርጎ ያቆየዋል፤ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮው ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ ወደ ባትሪው ይሻገራል። 13.8 ለዝግ የሊድ አሲድ ባትሪ የማቆያ ቮልቴጅ ቅርብ ስለሆነ ዘዴው ለእርሱ ይስማማል። ሆኖም ሁለት አደጋዎች አሉበት። አንደኛው፣ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ቮልቴጃቸው ከልክ ሲያልፍ ራሳቸውን ሾርት በማድረግ የሚከላከሉ ናቸው፤ ባትሪ በቀጥታ ከተያያዘባቸው ያ መከላከያ ባትሪውንም አብሮ ሾርት ያደርገዋል። ስለዚህ በመካከላቸው ኮረንቲ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ሾትኪ ዳዮድ ይገባል፤ ተራው የሲሊከን ዳዮድ 0.7 ቮልት ሲወስድ ይህኛው ከ0.3 እስከ 0.5 ብቻ ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ብዙ የፈሰሰ ባትሪ መብራት ሲመለስ ከፍተኛ ኮረንቲ ይስባል፤ ለሊድ አሲድ ግን ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ኮረንቲ ይበቃዋል። ለዚህም ነው ኮረንቲውን የሚገድብ፣ ለባትሪው ዓይነት የተሠራ ቻርጀር የምመርጠው።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። ከሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ ሬዲዮውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ከባትሪው እስከ እርሱ ያለውን ገመድ ግን አይጠብቅም፤ ቤት የሚያቃጥለው ደግሞ ያ ገመድ ነው። ለ100 ዋት ሬዲዮ 25 ወይም 30 አምፔር ተገቢ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ መተካት በባትሪ ላይ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ ትንሽ የሚመስለው ባትሪ ሾርት ሲሆን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ክፍት የሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ሻማ ወይም ኩራዝ በሚበራበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ሻማ የሚበራው ደግሞ እዚያው ነው።

ኢንቨርተር ያለው ሰው ሬዲዮውን በኢንቨርተሩ በኩል ለማስነሣት ይፈተናል። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቀይሮ፣ ከዚያ በፓወር ሰፕላይ መልሶ ወደ 13.8 ማውረድ ግን በሁለቱም መንገድ ኃይል ያባክናል፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ርካሽ ኢንቨርተር በአጭር ሞገድ ላይ የሚረጨው ጩኸት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚገኘውን ያንን ብርቅ ጸጥታ በገዛ እጃችን ማጥፋት ይሆናል። የሶላር መቆጣጠሪያም እንዲሁ ሊጮህ ይችላል፤ በሚጠረጠርበት ጊዜ ፓኔሉን ለጥቂት ደቂቃ ነቅሎ ማዳመጥ መልሱን ይሰጣል።

ስለ ሶላር በአጭሩ፦ ለአንድ ሌሊት ያሰላነው 25.8 አምፔር-ሰዓት 335 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። በበጋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይገኛል ብዬ፣ 30 በመቶውን ለብክነት ትቼ ስቆጥር ባለ 100 ዋት ፓኔል 350 ይሰጣል፤ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን የማሰላው በ3 ሰዓት ነው፤ ያው ፓኔል 210 ብቻ ስለሚሰጥ 200 ዋት ያስፈልጋል። መብራት አብዝቶ የሚጠፋው፣ መብረቅ የሚበረታውና ፀሐይ የምታንሰው በዚያው ወቅት ስለሆነ በክረምቱ ልክ ማሰብ ይሻላል። ነጎድጓድ ሲቀርብ አንቴናውን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የፓኔሉም ገመድ ከጣራ የሚወርድ ሌላ አንቴና ነውና እርሱም መነቀል አለበት።

ባትሪው ደኅና መሆኑን የሚነግረን በእረፍት የሚነበበው ቮልት እንዳልሆነ የእኔ 12.3 አሳይቷል። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ቻርጀሩን እነቅላለሁ፤ ሁለት ሰዓት አሳርፌ በእረፍት ያለውን ቮልት እመዘግባለሁ፤ ቀጥሎ በመሞከሪያው ጭነት ላይ ለአሥር ሰከንድ በሙሉ ኃይል እየላክሁ፣ የቴስተሩን ጫፎች መጀመሪያ በባትሪው፣ ቀጥሎ በሬዲዮው መግቢያ ላይ አድርጌ ሁለቱንም እጽፋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.5 ቮልት ካለፈ የምመረምረው ገመዱንና መጋጠሚያዎቹን ነው። በባትሪው ጫፍ ላይ ያለው ከወር ወር እየወረደ ከመጣ ደግሞ ችግሩ ከባትሪው ነው። አሮጌውን ባትሪ በሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ገመዱንም በ6 ስኩዌር ሚሊሜትር ከተካሁ በኋላ፣ በእረፍት 13.2፣ በሙሉ ኃይል እየላክሁ ሳለ በሬዲዮው መግቢያ 12.4 ይነበባል።